«ቅም አያታችን ስዊስ ነበር» ለምትሉ

አንኮበር ወይም ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው «የእኛ ቅም አያት ፈረንጅ ነው፤ በምኒልክ ጊዜ የመጣ» ቢላችሁ ቶሎ አትሳቁበት። ቶሎም አትመኑት።

ስዊሶቹ በእርግጥ መጥተዋል። አልፍሬድ ኢልግ በ1854 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ፍራውንፌልድ ተወልዶ፣ ዙሪክ ምህንድስና ተምሮ፣ በ1879 መጀመሪያ አንኮበር ሲደርስ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ናቸው። ኢልግ ኋላ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆኖ፣ በ1894 የጅቡቲውን ባቡር ፈቃድ አግኝቶ፣ በ1916 ዙሪክ ሞተ። ይህን ሁሉም ያውቃል። አብረውት የመጡትን ሁለት የእጅ ባለሙያዎች፣ አፔንዜለርንና ዚመርማንን፣ ግን ማን ያነሣቸዋል? የስዊስ ዘር አለን የሚል ሁሉ ወደ ኢልግ የሚሮጠው ስሙ ስለገነነ ይመስለኛል። የናንተው ሰው መዶሻና መጋዝ ይዞ የመጣ፣ ማንም ታሪኩን ያልጻፈለት ሊሆን ይችላል።

ስሙ የጠፋው ደግሞ ማንም ደብቆት ላይሆን ይችላል፤ አጠራራችን ራሱ ይበቃል። ልጁ ክርስትና ተነሥቶ ወልደ ሚካኤል ይባላል፣ የፈረንጁ ስም ከኋላው ይከተላል። የልጅ ልጁ በወልደ ሚካኤል ይጠራል። ከዚያ በኋላ የአያት ስም የሚጠይቅ ከሌለ ፈረንጁ የለም። ስዊሶች ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ፓስፖርታቸው ላይ የሚጻፈው የተወለዱበት ቦታ ሳይሆን ቤተሰቡ በዜግነት የተመዘገበበት የጥንት ቀዬ ነው፤ የቤተሰቡን ስም ካወቃችሁ መንደሩን ለመፈለግ መነሻ ይሆናችኋል። ችግሩ፣ አባትየው ካላስመዘገበው የአንኮበሩ ልጅ እዚያ መዝገብ ላይ አይገኝም። የዲኤንኤ ምርመራም ፈረንጅ መኖሩን ይጠቁም እንጂ፣ ከዚያ ወገን የተመረመረ ዘመድ ካልተገኘ ማንነቱን አይነግርም።

ስለዚህ ፍለጋውን ከፈረንጁ አትጀምሩ፤ ልጁን ከወለደችለት ሴት ጀምሩ። በሸዋ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለነበር የሴትየዋን ዘር ቆጥሮ የሚያወርድ ሽማግሌ አይጠፋም። የማን ልጅ ነበረች? አገሯ የት ነው? ልጁ ክርስትና የተነሣው የት ደብር ነው፣ ማንስ አሳደገው? ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ፈረንጆቹም አብረው ስለሄዱ፣ ወሬው በዚያም በኩል ሊኖር ይችላል።

ወረቀትም አለ። ፕሮፌሰር ባይሩ ታፍላ ከኢልግ ሰነዶች መካከል ከ1884 እስከ 1900 የተጻፉትን የአማርኛ ደብዳቤዎች መርጠው በ2000 አሳትመዋል። ስትፈልጉ የምታውቁትን የፈረንጅ አጻጻፍ አትጠብቁ፤ ጸሐፊዎቹ ስሙን እንደሰሙት ነው የሚጽፉት፣ ከስሙም በፊት «ሙሴ» (አቶ እንደማለት) ይጨምሩበታል።

ለንጽጽር ያህል፣ የተዋናዩ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት በ1868 መቅደላ ተወለደች፤ የእናቷም እናት ኢትዮጵያዊት ነበረች። የእነሱ ቤተሰብ ወደ ኢየሩሳሌም አገር ወጥቶ ታሪኩን በወረቀት ያዘው። እዚሁ የቀረው ቤተሰብ ግን በአብዛኛው ያለው የአፍ ታሪክ ነው። እና እባካችሁ፣ እማማ በሕይወት ሳሉ ስልካችሁን አብርታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና ታሪኩን ለእሳቸው ማን እንደነገራቸውም ጻፉበት።