በአቦ ዕለት የበላሁት

ለንስሐ አባቴ የተናዘዝኩት ግማሹን ነው። ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፤ እንዴት እንደገደፍኩ ግን ዋሽቻቸዋለሁ። «የሥራ ግብዣ ነው አባቴ፣ ሌላ የሚበላ ነገር አልነበረም» አልኳቸው። «ብትጠይቃቸው ኖሮስ?» አሉኝ። «የሚጠየቅ ሰው አልነበረም» አልኩ። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ቀሪው ግማሽ ይኸው።

ዕለቱ ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ጾመ ነቢያት ከገባ ሃያ ቀኑ። ረቡዕነቱ ብቻውን ይበቃ ነበር። ይባስ ብሎ ቀኑ አቦ ነው፤ ገድላቸው እህል ውኃ ሳይቀምሱ ኖሩ የሚላቸው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕለት። እኔ ደግሞ በዚያ ቀን አሥራ አንድ ዓይነት የሚቀርብበት ገበታ ላይ ተቀመጥኩ።

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ነው፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አለቃችን ዓመቱ በሰላም ተዘጋልን ብሎ ስምንታችንን እራት ጋበዘን። ቦታው ቴስቲንግ ሜኑ የሚሉት ነው፤ አስተናጋጅ ጠርተህ ይህን አምጣ፣ ያንን ተው አትልም፤ ሼፉ ያሰበውን በየተራው እየቀመስክ ሦስት ሰዓት ትቀመጣለህ። የሚሼሊን ኮከብም አለው። ሐበሻ ነው፣ አያውቅም እንዳልባል የዋዜማውን ሌሊት ስለ ኮከቡ ሳነብ አመሸሁ። የመኪና ጎማ የሚሠሩት የሚሼሊን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1900 ለአሽከርካሪ በነፃ ያደሉት መጽሐፍ እንደነበረ፣ ኮከብ መስጠት የጀመረው በ1926 እንደሆነ፣ ዲሲ የደረሰው ገና እ.ኤ.አ. በ2016 እንደሆነ፣ ሁሉንም ሸመደድኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

ኃጢአቴ ግን የተጀመረው ከእራቱ አንድ ሳምንት በፊት፣ ቢሮዬ ወንበር ላይ ነው። ከምግብ ቤቱ ኢሜይል መጣ። አለርጂ ካለብዎ ወይም የማይበሉት ነገር ካለ እዚህ ይጻፉልን ይላል፤ ከሥሩ ባዶ ሣጥን አለ። ለአባቴ «የሚጠየቅ ሰው አልነበረም» ያልኩት እንግዲህ ይህንን ነው። እኔ መጠየቅ ቀርቶ እነሱ ጠይቀውኝ ነበር፣ ያውም በጽሑፍ። «ጾም ላይ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። አጠፋሁትና «የለም» ብዬ ላክሁ።

ምን አሳፈረኝ? ማስረዳቱ ይሰለቻል፣ እሱ እውነት ነው። ስንት ቀን ትጾማላችሁ ሲሉህ፣ ምእመኑ እንኳ በዓመት 180 ቀን ገደማ ነው ስትላቸው፣ ፊታቸው ላይ የምታየው ነገር አለ። ግን ዋናው እሱም አይደለም። አለቃዬ ዕድሜው ወደ ስድሳ ነው። የ77ቱን ረሃብ በቴሌቪዥን ያየ ትውልድ ነው፤ ኢትዮጵያ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ያ ሥዕል ነው፣ መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም። በእሱ ገበታ ላይ ተቀምጬ «አልበላም» የምል ኢትዮጵያዊ መሆን አልፈለግሁም። ጾሜ ረሃብ መስሎ እንዳይታይብኝ ፈራሁ። ይህን ለአባቴ ብነግራቸው ይገባቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። ለዚህም ይሆናል ያልነገርኳቸው።

በያይነቱ ቢሆን ይደበቃል። የማትፈልገውን ወደ ጎረቤትህ ገፋ፣ የምትፈልገውን ሳብ ታደርጋለህ። ፈረንሳዮችም ድሮ ሁሉን በአንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ይደረድሩ ነበር፤ በተራ በተራ ማቅረቡን ከሩሲያ መኳንንት የተማሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እኔን ያጋለጠኝ እሱ ነው። አንድ ትልቅ ሳህን፣ መሐሉ ላይ አንዲት ጉርሻ የማትሞላ ነገር፣ ከላይ መብራት። የት ትደብቃታለህ?

መጀመሪያ ኦይስተር መጣ፤ ክንፍም ቅርፊትም የለውም። ዋጥኩት። ቀጥሎ ዳቦና ቅቤ። ቅቤውን የእንቁላል ቅርጽ አውጥተው፣ ጨው እንደ በረዶ ነስንሰውበት፣ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አስቀምጠውታል። አስተናጋጁ የላሟን ዝርያና ወተቱ ስንት ቀን እንደረጋ ተናገረ። አያቴ ቅል ስትንጥ የሚሸተው ሽታ ነበረው። በሃያ ቀኔ ቅቤ ሸተተኝ! ቢላዋዬን አነሳሁ፣ ትንሽ ቀባሁ፣ ከዚያ ሌላ ቀባሁ፣ ዳቦው ሲያልቅብኝ ሌላ ዳቦ ጠየቅሁ። የሚቀጡኝ ከሆነ ለዚያ ለሁለተኛው ዳቦ ይቅጡኝ፤ እሱን ማንም አላስገደደኝም።

ስድስተኛው የአሳማ ነበር። እሱን አልበላሁም። በሹካ ገፋ ገፋ አድርጌ በቅጠሉ ሸፈንኩት። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ «አልተስማማዎትም?» ሲለኝ «ጠግቤ ነው» አልኩት። ቅቤ ጠርገህ በልተህ አሳማ ላይ ሃይማኖተኛ መሆን!

አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ከጉጅራት ናት፤ እምነቷ ጄይን ነው። ሥጋና እንቁላል ብቻ አይደለም፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ከመሬት ተነቅሎ የሚወጣ ነገር አትበላም። ሣጥኑ ውስጥ ሦስት መስመር ጽፋ ልካለች። ለእሷ ዱባ መጣላት፣ እንደ ወረቀት የሳሳ የምስር ቂጣ መጣላት፤ አስተናጋጁ ለእሷ ሲያስረዳ ከእኛ ይበልጥ ጊዜ ወሰደ። ማንም አላዘነላትም። እንዲያውም አለቃችን ሳህኗን አይቶ ቀና። ከዚያ ስለ ኒውዮርኩ ምግብ ቤት ስለ ኢሌቨን ማዲሰን ፓርክ አወራ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥጋና ቅቤ ከገበታው አውጥቶ ለአንድ ሰው 335 ዶላር ሲያስከፍል ሦስቱም ኮከቡ እንዳልተነሣበት። (ኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥጋውን መልሶታል።) የጾም ምግብ በ335 ዶላር! እኔ የደበቅሁት ነገር ነው እንግዲህ።

እሷ ወደ እኔ ዞር ብላ «እኔ የእናንተን በያይነቱ ነው የምወደው። አሁን ጾም አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ታውቃለች። ሐበሻ ምግብ ቤት ለምስሩና ለጎመኑ የምትሄድ ሰው የጾም ወራችንን ታውቃለች።

«እናቴ ናት የምትጾመው» አልኳት።

ቤት የገባሁት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቴ ሽሮ ከድና ጠብቃኛለች። «ምን አበሉህ? ጦምህን ነው የዋልከው?» አለችኝ። «ቅጠላ ቅጠል ነገር ነው» አልኩ። እንጀራ ዘረጋችልኝ። በአሥር ዓይነት ምግብ በተወጠረ ሆድ ላይ፣ ውሸቴ እንዳይነቃ፣ ሽሮውን እስከ መጨረሻው ጠራረግሁ። «አይ የፈረንጅ ግብዣ» ብላ ጨመረችልኝ። እሱንም በላሁ።

ዘንድሮም ግብዣው ተደግሟል፣ ሣጥኑም መጥቷል። «ጾም ላይ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ አየሁት፣ አጠፋሁት። «ቪጋን» ብዬ ላክሁ። ቪጋን ሲሉ ማንም ለምን አይልም፤ እግዚአብሔርንም፣ 77ንም አያነሣም።

ባልደረባዬ የተጋባዦቹን ዝርዝር አይታ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። «ቪጋን ሆንክ እንዴ?»

«አዎ» አልኳት።