የሌሊት 5 ሰዓቱ ሙቀት

የቀድሞ ተማሪዎቼ ይህን ስታነቡ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ሳቁ። ክፍል ውስጥ "መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ጠርጥሩ" እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ የኖርኩት ሰውዬ፣ ምንም ሳልለካ ሳምንቱን ሙሉ ስጠረጥር ከረምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ያለችኝ ኮምፒውተር አሮጌ ናት። ፕሮሰሰሯ ኢንቴል በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኮር አይ5-2500ኬ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው "ኬ" ፍጥነቱን ራስህ መጨመር ትችላለህ ማለት ናት። ፋብሪካው 3.3 ጊጋኸርዝ ብሎ የሰጠውን እኔ 4.5 አድርሼዋለሁ፤ ኦቨርክሎክ የሚሉት ይሄንን ነው። ለጌም አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የተቀረጸውን የእህቴን የሰርግ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ምስሉን እያጸዳሁ ነበር። የአባቴ ድምፅ ያለው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው፤ ሙሽሮቹን ሲመርቅ።

እማዬ ለፋሲካ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ነበር። የምትተኛው ሳሎን ነው፤ ኮምፒውተሩም ያለው እዚያው። ማክሰኞ ከመመለሷ በፊት እንደማሳያት ቃል ገብቻለሁ።

ማታ ሥራውን አስጀምሬ እተኛለሁ። ጠዋት ስነሳ ግማሽ እንኳን ሳይደርስ ተቋርጦ ሰማያዊ ስክሪን ይጠብቀኛል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቴርማል ፔስቱን ነው። ማቀዝቀዣውን ስነቅለው ፔስቱ እንደ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መርካቶ ሄጄ አዲስ ገዛሁ፣ የድሮውን በአልኮል ጠረግሁ፣ አተር የምታክል ጠብታ መሐሉ ላይ አድርጌ መለስኩት። (ቅቤ ዳቦ ላይ እንደሚቀባ የምትለቀልቁ ልጆች፣ ተዉ። ፔስት በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለችውን የማትታይ ክፍተት ለመድፈን ብቻ ነው፤ ሙቀት በማስተላለፍ ብረቱን አያክልም።) ከዚያ የማራገቢያዎቹን አቧራ አራገፍኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ፤ 72 ዲግሪ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ያው ሰማያዊ ስክሪን።

ቀጥሎ ከፍታውን ጠረጠርኩ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደሚፈላ አስተምሬያችኋለሁ። አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ጠረፍ አየር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር በክብደት ያነሰ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው በዩቲዩብ የሚያሳያችሁን ዲግሪ እዚህ አትጠብቁ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን አዲስ አበባ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከፍ አላለችም፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ እዚሁ ከተማ ስንት ዓመት ሠርቷል።

ቅዳሜ ማታ በመጨረሻ ያስተማርኳችሁን አደረግሁ። ሙቀቱን በየሁለት ሰከንዱ የሚመዘግብ ፕሮግራም ከፍቼ ተኛሁ። ጠዋት መዝገቡን ሳየው 71፣ 72፣ 71 እያለ ቆይቶ ልክ ከሌሊቱ 5:10 ጀምሮ መውጣት ይጀምራል። 78። 85። 91። 97። ይሄ ፕሮሰሰር 98 ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ብዙም ሳይቆይ መዝገቡ ይቆማል።

ፔስት ሰዓት አያውቅም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ እኛ ቤት ምን አለ? እማዬ ጸሎቷን ጨርሳ መብራት ታጠፋለች።

እሑድ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ በእግሬ ጣት ሳሎን ገባሁ። ኮምፒውተሩ ጋቢ ለብሷል። ከላይ እስከ ታች፣ ከኋላም ጭምር፣ ሕፃን እንደሚጠቀለል። እማዬ በነጠላ ብቻ ተሸፍና ኩርምት ብላ ተኝታለች። ከነቃች በኋላ "ምነው እማዬ?" አልኳት።

"አባትህ እዚህ ውስጥ አለ አላልከኝም? አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነዋ" አለችኝ። ጠዋት ኪዳን ስትሄድ ጋቢውን ለብሳው ስለምትወጣ አንድም ቀን አላየሁትም።

ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ ያማረርኩት ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። ጋቢውን አንስቼ እሷን አለበስኳት። "መተንፈስ አለበት እማዬ" አልኳት። "ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም?" ብላ ዞራ ተኛች።

እኔም አንድ ነገር አስተካከልኩ። ባዮስ ገብቼ ፍጥነቱን ከ4.5 ወደ 4.2፣ ቮልቴጁን ከ1.35 ወደ 1.25 አወረድኩ። ሙቀቱ ከፍጥነቱ ጋር እኩል፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በስኩዌሩ ነው የሚጨምረው። አስሉት፤ ያቺ የመጨረሻዋ 0.3 ጊጋኸርዝ 7 በመቶ ፍጥነት ለመስጠት 25 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ሙቀት ታስከፍል ነበር። ስስቴ ነው እንጂ መጀመሪያም አያስፈልገኝም ነበር። አሁን ከ62 አያልፍም፤ ድምፁም ቀንሷል።

ሰኞ ከሰዓት አለቀ። ማታ ቡና ተፈልቶ ሁላችንም ቁጭ ብለን አየን። አባቴ ቆሞ መመረቅ ሲጀምር እማዬ ሲኒዋን አስቀመጠች፣ ሁለት እጆቿን ዘረጋች፣ በየመሐሉ "አሜን" እያለች እስከ መጨረሻው ተቀበለችው።

ግማሽ ቱቦ ፔስት ተርፎኛል። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።