አልዩ አምባ፤ በደጋና በቆላ ድንበር ላይ ያለች የገበያ መንደር

በዚህ ወር ከመርካቶ አስነስተን የምንወስዳችሁ ወደ ሌላ ገበያ ነው። «መርካቶ ለሚኖር ሰው የሌላ አገር ገበያ ማየት ምን ይፈይድለታል?» ትሉ ይሆናል። በጥር 2010 ዓ.ም. ተማሪዎቻችንን ይዘን ስንነሳ አንዳንድ ወላጆችም ይህንኑ ጠይቀውን ነበር። መርካቶ የዛሬውን ቦታውን የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ገበያው ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ሲዛወር ነው። አልዩ አምባ ግን አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የሸዋ የንግድ በር ነበረች።

ሱብሒን በአንዋር መስጊድ ሰግደን ተጓዝን። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አንኮበር ለመድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። መንገዱ የገብስ ማሳና ቅዝቃዜ ነው። በገደሉ አፋፍ ላይ ሣር የሚነጩ የጭላዳ ዝንጀሮዎችን ያዩ ልጆች ብርዱን ረስተው ከመኪናው ካልወረድን አሉ። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረው የአንኮበር ኮረብታ ከታለፈ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ጋቢና ሹራብ አንድ በአንድ ይወልቃል፤ ገብሱ በማሽላ ይተካል። አልዩ አምባ የተቀመጠችው በዚህ ቁልቁለት ወገብ ላይ ነው። ወደ ምዕራብ ቀና ሲሉ የደጋው ግንብ ይታያል፣ ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ ደግሞ የአፋር ሜዳ እስከ አዋሽ ድረስ በጭጋግ ተሸፍኖ ይዘረጋል። ድንበር ማለት ይህ ነው፤ የአየሩም፣ የአዝመራውም፣ የአኗኗሩም።

ይህ ገደላማ አገር ጥንት የኢፋት ነበር። የኢፋት ገዥዎች ወላስማዎች እ.ኤ.አ. በ1285 ከእነርሱ በፊት የነበረውን የሸዋ ሱልጣኔት አጥፍተው ግዛቱን ያዙ። ከአልዩ አምባ በስተሰሜን፣ በዚሁ የተራራ ጥግ፣ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እንደ ኖራ ያሉ የፈረሱ የሙስሊም ከተሞችን ከነመስጊዶቻቸው አጥንተዋል። በመማሪያ መጻሕፍት የኢፋት ስም በአንድ መስመር ያልፋል፤ የድንጋይ ግድግዳው ግን ዛሬም ቆሟል።

የአልዩ አምባ የገናናነት ዘመን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ነው። ከታጁራ ወደብ የተነሳ ቅፍለት የአሳልን ጨው በግመል ጭኖ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ይመጣል፤ የደጋው ሰው እህሉንና ከብቱን ይዞ ይወርዳል። መገበያያው አሞሌና ማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። የገበያው ቀን ዓርብ ሲሆን፣ ሻጭና ገዥ ጁሙዓንም ሰግዶ ይመለስ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ አማራው እዚህ ይገናኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 እዚያ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን የመንደሩን ኑሮ በመጽሐፉ ጽፎልናል።

እዚህ ላይ ዝም ብለን ብናልፍ ደስ ይለን ነበር። ነገር ግን ከአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል የሚባል ሌላ ገበያ ነበረ፤ የሚሸጠውም ሰው ነበር። ይህን ስንናገር አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «ኡስታዝ፣ ሻጮቹ ሙስሊሞች ነበሩ እንዴ?» አለን። አዎን፣ ብዙዎቹ ነጋዴዎች ሙስሊሞች ነበሩ፤ ቀረጡን የሚቀበለው ደግሞ ክርስቲያኑ ንጉሥ ነበር አልነው። «ከየት ነው የሚያመጧቸው?» አለ። ብዙዎቹ ከጉራጌ ምድር። ልጁ የጉራጌ ልጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀም።

ስለ ነጋዴ አባቶቻችን ታማኝነት ብዙ አውርተናል፤ እውነትም ነው። ግን ለልጆች ግማሹን ብቻ መንገር ታሪክ ማስተማር አይደለም። በሱረቱል በለድ ባሪያን ነፃ ማውጣት «ዐቀባ» ከተባለው አስቸጋሪ መውጫ ተቆጥሯል፤ ቃሉ ከእኛ አቀበት ጋር ምንኛ ይቀራረባል! እነዚያ ነጋዴዎች ሱራዋን በቃላቸው ያውቋት ነበር፤ የሚወርዱት ግን ቁልቁለቱን ነበር።

የመንደሯ ገበያ የቀዘቀዘው በጦርነት አይደለም። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1887 ሐረርን ያዙ፤ ንግዱ ወደዚያው ዞረ። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የታጁራ ግመል ዋጋ አጣ። ለዚያች መንደር ግን የቀረ ነገር አለ። የአርጎባ ሰው በሽመናው የታወቀ ነው። ቋንቋው ግን በዚህ አካባቢ ለአማርኛ ቦታውን ለቋል፤ አርጎብኛን አጥብቀው የያዙት ወደ ከሚሴ በኩል ባሉት በሾንኬና በጦልሃ የድንጋይ መንደሮች ነው።

መሄድ ለሚሻ ቤተሰብ የበጋው ወራት ይሻላል፤ በዝናብ ቁልቁለቱ አይታመንም። የአካባቢውን ጸጥታም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለደጋው ሹራብ፣ ለቆላው ውሃ አይረሳ።

ስንመለስ ያ ልጅ እስከ ደብረ ብርሃን ዝም እንዳለ መጣ። ዙህርና ዐስርን አብረን ሰግደን መኪና ውስጥ ስንገባ፣ «አያቴ ስለዚህ ነገር ያውቁ ይሆን?» አለን። ቤት እንደደረስክ ጠይቃቸው አልነው።