እናትዎን በባቡር ድሬዳዋ ይውሰዷት

የዱባይ ተራን ልጅ ስለ ባቡር ቢጠይቁት፣ አውቶቡስ ተራ ላይ የሚሳፈርበትን የከተማውን ቀላል ባቡር ይነግርዎታል። እናቴ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። ለእሷ ባቡር ማለት ከፊት ሎኮሞቲቭ፣ ከኋላ ረጅም የፉርጎ ሰልፍ ነው። ዱባይ ተራ ሱቅ ሳትይዝ በፊት ከለገሐር ተሳፍራ ድሬዳዋ እየወረደች ጨርቅ ታመጣ ነበር። ፈታሽ መጣ ሲባል ሴቶቹ ሦስት አራት ቀሚስ ይደራርቡ እንደነበር ዛሬም ታወራለች።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ያ ባቡር ከለገሐር መነሳት ካቆመ ቆይቷል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ የሚጭነው አዲሱ ባቡር መነሻው ለቡ ነው፤ የሚጎትተውም የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ነው። ሞተሩ እግርዎ ሥር ሳይሆን ከፊት ስለሆነ ፉርጎው ውስጥ ሳይጯጯሁ ያወራሉ።

እህቴ «በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው፣ ለምን ታንገላታታለህ?» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ጉልበቷ ሳይከዳት መንገዱን እንድታየው ፈለግሁ። አውቶቡስ ላይ እግሯ ያብጣል፤ እዚህ እየተነሳች በመተላለፊያው ወዲያ ወዲህ አለች። መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ ለልጆቼ ያሳየቻቸው እሷ ናት።

የጉዞውን ቀን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ መታወቂያና ስንቅ ይያዙ፤ ለፍተሻው ቀደም ብለው ይድረሱ። የድሬዳዋው አዲስ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ለባጃጅ ሂሳብ ያስቡ። እኛ አልጋ ሳንይዝ፣ ሻንጣችንን እንደጫንን፣ እናቴ ባጃጁን ከዚራ ወዳለው አሮጌ ጣቢያ አስዞረችው።