ግስ ፍለጋ ወደ እንጦጦ

ልጅዎ የእንግሊዝኛውን ሰዋስው አሳምሮ ያውቃል፤ «ስም፣ ቅጽል፣ ግስ» ሲሉት ግን ግራ ይጋባል? እንግዲያው በመጪው ቅዳሜ የስልክዎን ባትሪ ሞልተው ወደ እንጦጦ ይውጡ።

እኛ ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ሞክረነዋል። ሥራው ለአያታቸው የሚላክ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ማዘጋጀት ነው። ስም በፎቶ ይነሣል፤ ግስ ሲደረግ ይቀረጻል፤ ቅጽሉን ልጆቹ በራሳቸው ድምፅ ይጨምሩበታል።

መጀመሪያ ያነሡት ባሕር ዛፉን ነው። «ባሕር» እና «ዛፍ» ተጣምረው አንድ ስም ሆነዋል፤ ዛፉ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ነውና። ትንሿ ልጃችን «ረጅም፣ ቀጭን፣ አረንጓዴ» እያለች ድምፅዋን ቀዳች።

ከዚያ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም ደረስን። ደጃፉ ላይ አንዲት እናት ጧፍ ይሸጣሉ። ወንዱ ልጃችን ስልኩን ደግኖ «ልቅረጽሽ?» አላቸው። እኔ አፈርኩ፤ እሳቸው ግን ሳቅ ብለው «እኩያህ ነኝ እንዴ ልጄ?» አሉት። አንገቱን ደፍቶ «ልቅረጽዎት?» ሲል አስተካከለ። ቀራጩም፣ ተቀራጯም፣ አክብሮቱም በአንዲት ግስ ውስጥ! እኔ ስንት ጊዜ ነግሬው ያልገባው ነገር በአንድ ሳቅ ገባው።

ማታ ቪዲዮው የደረሳቸው አያት ደወሉ። ልጁ ስልኩን አንሥቶ፣ ማንም ሳይነግረው፣ «እንዴት አመሹ?» አላቸው።

እርስዎም ሲሄዱ ሹራብ አይርሱ፤ እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሰው ከመቅረጽዎ በፊት ፈቃድ ይጠየቅ፤ ጠያቂው ግን ልጅዎ ይሁን።