ልጁ ከፊት፣ ጋሼ ከኋላ

ልጅ ቴኳንዶ ሲማር ከእኩዮቹ ጋር ይሁን ወይስ በቀበቶ ከሚመጥኑት ጋር? ወላጆች ይህን ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ መልሱን የሚወስነው የአዳራሽ ኪራይ ነው። ከሥራ መውጫ በኋላ የሚገኘው ሰዓት አጭር ስለሆነ የሰባት ዓመቱ ሕፃን፣ የባንክ ሠራተኛውና ለውድድር የሚዘጋጀው ጎረምሳ አንድ ላይ ይሰለፋሉ። አሰልጣኙን አልወቅስም፤ ኪራዩ የሚወጣው ከእሱ ኪስ ነው።

ሰልፉ ደግሞ በቀበቶ ነው። ሰማያዊ ያሰረ የአሥር ዓመት ልጅ ከፊት ይቆማል፣ ገና የተመዘገበው ጎልማሳ ነጩን አስሮ ከኋላ። ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫ ብድግ እያልን ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሰልጣኙ ልጁን «ቾንጂን አሳየው» ብሎ ሲልከው ማየት ነው። «ጋሼ፣ የኋላ እግርዎን ቀጥ ያድርጉት» ይላል። አንቱታውን አይጥልም፣ ስህተቱንም አያልፍም። ጋሼ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ በዓይኑ አሰልጣኙን ይፈልጋል፣ ኋላ ላይ እግሩን ያስተካክላል። ቾንጂ የጀማሪ ፓተርን ነው፣ 19 እንቅስቃሴ ብቻ፤ ልጁ ግን ለሌላ ሰው እያሳየ ሲደግመው የራሱን ክፍተት ያገኛል። ለዚህ ለዚህማ ቅይጡን ክፍል የሚተካ የለም።

ጣጣው የሚመጣው ስፓሪንግ፣ ማለትም ፍልሚያው፣ ሲጀመር ነው። ቀበቶ የተማርከውን እንጂ ኪሎህን አይናገርም። እንዲያውም እኔ የምፈራው ጥቁር ቀበቶውን ሳይሆን ሰማንያ ኪሎ የሚመዝነውን ጀማሪ ነው፤ ጥቁሩ እግሩን አየር ላይ መግታት ያውቃል፣ ጀማሪው የት እንደሚያርፍበት እሱም አያውቅም። የልጅ ጭንቅላት ደግሞ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ አንገቱም ገና አልጠናም።

በቀበቶ ማዕረግ መስጠትን ያመጣው ጁዶ ነው፤ መሥራቹ ካኖ ጂጎሮ የመጀመሪያውን ዳን፣ የጥቁር ቀበቶውን ማዕረግ፣ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1883 ነበር። ጁዶ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ኦሊምፒክ ሲገባ የኪሎ ምድቦች ተበጁለት። ኪሎ በማይለየው ምድብ ጃፓናዊውን ካሚናጋን ያሸነፈው ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሆላንዳዊ፣ አንቶን ጊሲንክ ነው። ጊሲንክ ብልሃት አልጎደለውም፤ ቁመቱም አልጎዳውም። የዓለም ቴኳንዶ ድርጅትም በውድድሮቹ ከ12 እስከ 14 ያሉትን ለብቻ፣ ከ15 እስከ 17 ያሉትን ለብቻ አድርጎ፣ ከዚያ በጾታና በኪሎ ይለያል። የጥቁር ቀበቶ ማዕረግ በሚሰጠው በኮሪያው ኩኪዎን ሥርዓትም ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፈተናውን ቢያልፍ የሚሰጠው ዳን ሳይሆን ፑም የሚባል የልጆች ማዕረግ ነው፣ ቀበቶውም ግማሹ ቀይ።

ስለዚህ አዳራሹ አንድ ቢሆንም ሰዓቱን መከፋፈል ይቻላል። ሰላምታው፣ ማሟሟቂያውና ፓተርኑ በጋራ፤ ፍልሚያው በዕድሜና በኪሎ። ከሰባት ዓመት በታች ያሉት ግን ከጋራውም ክፍል ይውጡ። ለእነሱ ግማሽ ሰዓት ሩጫና ጨዋታ ይበቃል፣ ቆመው ተራ መጠበቅ ያሰለቻቸዋል።

መላ ያጣሁለት የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ነገር ነው። ከሕፃናቱ ጋር ስትመደብ ታፍራለች፣ ከወንዶቹ ጋር ስትመደብ ትደበደባለች፣ እኩያዋ የሆነች ሴት ደግሞ ክለቡ ውስጥ የለችም። እንዲህ ያለችው ልጅ ብዙውን ጊዜ ቀይ ቀበቶ ላይ ስትደርስ ትቀራለች። በአካባቢያችሁ ያሉ ሁለት ሦስት ክለቦች ሴቶቻቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ላይ የሚያሠለጥኑ ከሆነ፣ እንዴት እንደተስማሙ እዚህ ጻፉልኝ።