ሻምኻ ዳር ያገኘነው ቁርቁራ

እኅቴ ሆይ፣ ሥራው፣ የልጆቹ ጩኸት፣ የማዳሟ ጠባይ እንዴት ይዞሻል? ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ አንድ የማለዳ የእግር ጉዞ ነው። «እኔ የምሄደው ከኩሽና እስከ በር ነው፤ ምን የእግር ጉዞ አለኝ?» እንደምትይ ዐውቃለሁ። ቢሆንም አንብቢው፤ ከግቢ ሳትወጪ የሚደርስሽ ነገርም አለበት።

ነገሩ የተጀመረው በዐቢይ ጾም፣ በመጋቢት ወር ነው። አንዲት እኅት ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ልትሳለም መጥታ፣ «አባ፣ እዚህ አገር ስድስት ዓመት ኖርኩ፤ መሬት ረግጬ አላውቅም» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ስታስረዳኝ ግን እውነቷን ነው፤ እግሯ የሚያርፈው በቤቱ ሴራሚክ፣ በመኪናው ምንጣፍና በሞሉ ወለል ላይ ብቻ ነው። «ጸደይ የሚባል ነገር መኖሩንም ረሳሁት» ብላ ሣቀች፤ ሣቋ ግን ሣቅ አልነበረም።

እኔ በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ ቅኔ የተማርሁ ሰው ነኝ። የቅኔ ተማሪ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቅኔ አይቆጥርም። ደበሎውን ለብሶ ወደ ዱር ይገባል፤ ከአንድ ወይራ ወይም ከአንድ ዋንዛ ሥር ብቻውን ይቀመጣል፤ ሲመሽ የቆጠረውን ይዞ ወደ መምህሩ ይመለሳል። ስለዚህ «መሬት አልረገጥሁም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ማለት አልቻልሁም። ዕረፍት ከነበራቸው እኅቶች አምስቱ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ማለዳ፣ ከአንድ ዲያቆን ጋር፣ ሻምኻ ዳር እንድንገናኝ ተቀጣጠርን።

አራቱ መጡ። አምስተኛዋ «እንግዳ ስላለ አትወጪም ተብያለሁ» ብላ መልእክት ላከች።

ሻምኻን የምታውቂው ታውቂዋለሽ። ከአቡ ዳቢ ደሴት ውጭ፣ በየብሱ በኩል፣ በባኒያስና በአል ወትባ አጠገብ ያለ ሰፊ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ቪላው ከቪላ፣ አጥሩ ከአጥር ይመሳሰላል። የመጨረሻዎቹን ቤቶች ካለፍሽ በኋላ ግን አሸዋው ይጀምራል፤ በየመንገዱ ዳርም በረድፍ በረድፍ የተተከሉ ዛፎች አሉ። እኛ የሄድነው በእነዚያ ዛፎች ጥግ ጥጉን ነው። የታጠረ ደን ካየሽ አትግቢ፤ አንዳንዱ ለዱር እንስሳ የተከለለ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለውም ለዐይን ይበቃል።

ስለ ጸደይ ካነሣሁ አንድ ነገር ልንገርሽ። ብዙ ሰው ጸደይ ሲባል አደይ አበባና መስከረም ይመስለዋል። በአባቶቻችን የዘመን አቈጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው የአበባ ጊዜ መጸው ይባላል። ከዚያ ሐጋይ፣ ማለትም በጋ፣ እስከ መጋቢት 25 ይሄዳል። ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ሲሆን የሚወጣው ሰኔ 25 ነው፤ ገበሬው በልግ የሚለው ነው። እዚህ አገር ደግሞ የአበባው ጊዜ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። በአቡ ዳቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ እንደ ወትሮው ከ100 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አዲስ አበባ ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ያችው ጥቂት ዝናብ ባብዛኛው በክረምታቸው፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ትወርዳለች። ከዚያ በአሸዋው ውስጥ ተደብቆ የቆየው ዘር በጥቂት ቀን ይበቅላል፤ አብቦ፣ አፍርቶ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይደርቃል። አንዳንዴ ልኩን ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2024 የወረደው ዝናብ በአገሪቱ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ያልታየ ነበር። በዚያ ጊዜ እዚህ የነበርሽ ከሆነ ውኃው የት ድረስ እንደ ገባ አንቺው ትነግሪኛለሽ።

ስንሄድ መሬት ላይ የተነጠፈች ትንሽ ቢጫ አበባ አገኘን። አንዷ ተንበርክካ «አደይ መሰለችኝ» አለች። አደይ አይደለችም፤ ዘሯ እንደ አገራችን ኩርንችት እግር የሚወጋ ነው። ቢሆንም እዚያው ቁጭ ብለን ለረጅም ጊዜ አየናት።

ከዚያ ትልልቆቹ ዛፎች ዘንድ ደረስን። እኔም እንደ ዐዋቂ ሆኜ «ይኼ ግራር ነው» ብዬ ማስተማር ጀመርሁ። ከሴቶቹ አንዷ የባቲ አካባቢ ልጅ ናት፤ ፍየል ጠብቃ ያደገች። አንገቷን ደፍታ ስታዳምጠኝ ቆየችና፣ «አባ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግራር እንዲህ ቅርንጫፉ አይወርድም። የቆላ ግራር እሾኹም ረጅምና ነጭ ነው» አለችኝ። ጠጋ ብዬ ባይ እሾኹ አጫጭር ነው። ልክ ነበረች። ዛፉ ጋፍ የሚባለው ነው። ቅጠሉ ከግራር ጋር ስለሚመሳሰል ተሳስቼ ነው እንጂ፣ ስሙን እንኳ ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ አንብቤው ነበር። አራት ሴቶች በአንድ ቄስ ሲሥቁ ዲያቆኑ ወደ ሌላ ዞሮ ነበር የቆመው።

ጋፍ የዚህ አገር ብሔራዊ ዛፍ ነው፤ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በ2019 የመቻቻል ዓመት ብለው ባከበሩ ጊዜም ምልክታቸው ያደረጉት ይህንኑ ዛፍ ነው። ሥሩ እጅግ ጠልቆ፣ ከ30 ሜትር በላይ እንደሚወርድ ይነገራል፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እርሱ አረንጓዴ ነው። ግመል ቅጠሉን ይበላል፤ የጥንት ሰዎች ከጥላው ሥር ይሰበሰቡ ነበር። በአገራችን የአፋርን ግጦሽ የወረረው ባዕድ እሾኽም የጋፍ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ጠባዩ ግን ለየቅል ነው።

አንዷ እኅት በዛፎቹ ሥር የተዘረጋውን ጥቁር ላስቲክ ቧንቧ እያየች፣ «ይኼ ደን ነው እንዴ? በቧንቧ የሚጠጣ ደን አለ?» አለች። ጥያቄዋን ወደድሁት። በዚህ ኤምሬት ያለው ደን ብዙው በሼህ ዛይድ ዘመን በሰው እጅ የተተከለ ነው፤ ውኃውም ጠብ ጠብ እያለ ይደርሰዋል። በእኛም አገር እንዲሁ ያለ አለ። በመናገሻ የሱባን ጽድ በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ዛሬ እዚያ ጽድ ሥር የቆመ ሰው «የተተከለ ነው» ብሎ አያስብም።

ዋናውን ነገር ያገኘነው ልንመለስ ስንል ነው። ያቺ የባቲ ልጅ ከረድፉ ጫፍ ካለ አንድ ዛፍ ዘንድ ሮጠች። ቅርንጫፉን ሳብ አድርጋ አሸተተችና «ቁርቁራ!» ብላ ጮኸች። አንዳንዶቻችሁ ገባ ትሉታላችሁ። ቅጠሉ ከሥሩ የሚነሡ ሦስት ጅማቶች አሉት፤ እሾኹ ጥንድ ነው፣ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ቆልመም ያለ። ፍሬው በስሎ ቢጫና ቀይ ሆኖ ነበር። ዐረቦች ዛፉን ሲድር ይሉታል። የጌታችን የእሾኽ አክሊል ከዚህ ዛፍ ነው የሚሉ አሉ፤ በላቲን የተሰጠው ስምም «የክርስቶስ እሾኽ» የሚል ነው።

ስድስት ዓመት መሬት አልረገጥሁም ያለችው እኅት ሲድር የሚለውን ስም ስትሰማ ቀጥ ብላ ቆመች። «ሲድር? እኔ እኮ በየሳምንቱ የምበጠብጠው ነው!» አለች። የምትሠራበት ቤት አንዲት አሮጊት አሉ፤ የማዳሟ እናት። ጠጉራቸውን የሚታጠቡት በሲድር ዱቄት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን አረንጓዴ ዱቄት በሞቀ ውኃ አዋህዳ የአሮጊቷን ራስ ስታጥብ ኖራለች። ዱቄቱ እናቷ ደጅ ከቆመው ዛፍ ቅጠል መሆኑን አታውቅም። በምሥራቁ በኩል፣ በሶማሌና በሐረር፣ ሴቶች ፊታቸውንና ጠጉራቸውን የሚታጠቡበት ቀሲልም የዚሁ ዛፍ ወገን ነው።

ሰዓቱ ገና ማለዳ ነው፤ ጾም ነው። አንዷም አልቀመሰችም። ከመሬት የወደቀውን ለቀም ለቀም አድርገው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የማታውቂውን ቅጠል አትቁረጪ፣ አትቅመሺ። በዚያው አሸዋ ላይ ቅጠሉ ወፍራም፣ አበባው ሐምራዊ የሆነ ጦብያው አይተናል፤ ቅንቦም ይሉታል። በአገርሽ ቆላም አለ። ወተቱ ዐይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል።

አሁን ወደ አምስተኛዋ እኅት ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ የማይቆረጥበት የዕረፍት ቀን ይሰጥሻል፤ በዚያ ቀን ብትሠሪ ምትክ ቀን ወይም ክፍያ ይገባሻል። በቀን ከ12 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት፣ ከእርሱም ውስጥ 8 ሰዓት ያልተቈራረጠ እንዲሆን ያዛል። ፓስፖርትሽና መታወቂያሽም ባንቺ እጅ ይቆያሉ ይላል። ሕግና ቤት ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ አላጣሁትም። ግን ዕረፍትሽን ስትጠይቂ ውለታ እየለመንሽ አይደለም፤ ይህን ዐውቀሽ፣ በጨዋ ቃል፣ ቤቱ ሰላም ባለበት ሰዓት ጠይቂ። ስትወጪም የምትሄጂበትን ተናግረሽ ውጪ፤ ብቻሽን ወደ አሸዋ አትሂጂ፤ መታወቂያሽና ውኃ አይለዩሽ። ከግንቦት በኋላማ የእግር ጉዞን እርሺው፤ ያ ፀሐይ አይቻልም።

ዕረፍት ያላችሁ ደግሞ ከሻምኻ ብዙም ሳይርቅ የአል ወትባ ረግረግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተከለለ የወፎች ቦታ ነው፤ በዝዋይ መንገድ ስታልፉ በአብያታ ሐይቅ የምታዩት ዓይነት ፍላሚንጎ እዚያ በብዛት ይታያል፣ ጫጩትም ይፈለፍላል። ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አል ዐይን ያላችሁት ዕድለኞች ናችሁ፤ ከ147,000 በላይ የተምር ዛፍ ያለበት ዋሕዳችሁ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ጥላ ለጥላ፣ ከቦዩ አጠገብ ትሄዳላችሁ። በነገራችን ላይ በግእዝ ዐይን የምናይበትም ነው፣ ውኃ የሚፈልቅበትም ነው፤ ዐረብኛውም እንደዚሁ ነው። የከተማችሁ ስም ለእኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም።

በሳምንቱ ያቺ እኅት መጥታ የሆነውን ነገረችኝ። ከቋጠረችው ፍሬ አንዱን በአሮጊቷ መዳፍ ላይ አኖረችላቸው። ዐይናቸው አያይም ማለት ይቻላል። በጣታቸው ዳሰሱት፣ «ነብቅ!» አሉ፤ ፍሬውን በዚያ ስም ነው የሚጠሩት። ከዚያ ልጅ ሳሉ ከወንድሞቻቸው ጋር ዛፉን እያራገፉ ይለቅሙ እንደ ነበር በእጃቸው እያሳዩ ነገሯት። እርሷም በተሰባበረ ዐረብኛ የእናቷን ደጅ ነገረቻቸው። ማዳሟ ገብታ «ምን ሆናችሁ ነው?» እስክትል ድረስ ሁለቱ ሲያወሩ ቆዩ።

አምስተኛዋ እኅት እስካሁን አልወጣችም። ስለ ቁርቁራው ከጓደኞቿ ሰምታ ባለፈው ሌሊት በስልክ ፎቶ ላከችልኝ። ቆሻሻ ልትጥል ወደ ደጅ ስትወጣ ያነሣችው ነው፤ ጨለማ ነው፣ የመንገዱ መብራት ብቻ ከበስተኋላ አለ። በግድግዳው ላይ ዘንበል ያለ ቅርንጫፍ ይታያል። «አባ፣ ይኼስ ምንድን ነው? በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ» ይላል። መነጽሬን አድርጌ ቅጠሉን አጎላሁት። ሦስት ጅማት አለው።

«ቁርቁራ ነው» ብዬ ጻፍሁላት።